ሰባት ቁጥር አታነሳም

«ስማ፣ እኛ የአማቴን ስልክ ዝም ካሰኘነው ቆየን እኮ! እሳቸው ምንም አያውቁም። እኔና ልጃቸው ስንደውል ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ሌላው ሰው ቢደውል በርቶ ይጠፋል፣ በቃ። ቤታችን እንዴት ሰላም እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም። ለአባትህም እንደዚህ አድርግላቸው፣ ግልግል ነው።»

ይህን ያለው የልጃቸው ባል ነው። ያለው ከመኝታ ቤት ሆኖ ነው፣ በሥራ ሰዓት፣ ለሥራ ባልደረባው። ጆሮው ላይ ያን ትልቅ ማዳመጫ ስለሚደፋ የራሱ ድምፅ ለራሱ አይሰማውም፤ ስለዚህ ይጮሃል። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ፣ በረንዳው ላይ፣ ከእርጥብ አንሶላ ጀርባ፣ አማቱ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሳቸው ይዘው ቆመዋል። መቆንጠጫው ከአፋቸው ወደቀ። እጃቸው ላይ የነበረው የእሱ ሸሚዝ ነው፤ አጥበው፣ ጨምቀው፣ ሊያሰጡለት ሲያራግፉት ነበር። መልሰው ባልዲው ውስጥ ከተቱትና አንሶላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ጆሮ ግን ዛሬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ለባለቤቱ ዘመድ ሆነ።

የሚያውቋቸው ሁሉ ሰባት ቁጥር ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ያኔ ሰው ከሰው የሚገናኘው በሴቶች እጅ ነበር፤ በረጅሙ ሰሌዳ ፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ትንሿ መብራት ስትበራ ገመዱን ይሰካሉ፣ «መስመሩ ተገናኝቷል፣ ይነጋገሩ» ይሉና ከመሀል ይወጣሉ። ይወጣሉ እንኳ ለማለት ነው፤ የከተማውን ገመና ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አለቃቸው ስም መያዝ የማይሆንለት ሰው ስለነበር ሁሉንም በወንበራቸው ቁጥር ይጠራ ነበር። አለቃው ሞተ፣ ማዞሪያው ተዘጋ፣ ሰሌዳው ለብረት ነጋዴ ተሸጠ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ሴቶቹ እስከ ዛሬ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ ሰባት እየተባባሉ ይጠራራሉ። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ስምንት። ስምንት ቁጥር ማለት ከሰባት ቁጥር ጎን ተቀምጠው፣ ክርን ለክርን እየተነካኩ ያረጁ ጓደኛ ናቸው። የአንዳቸው ልጅ ሲታመም ሌላኛቸው የሁለቱንም ወንበር መብራት ይዘው ይውሉ ነበር። ማዞሪያ ቤት የማይጣስ ሕግ አንድ ነበር፤ የበራ መብራት አይታለፍም።

እንዲህ ላለ ሰው ነው እንግዲህ ስልክ ዝም ያሰኙት! ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ብሎ ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ዓለማቸው ያቺ ልጃቸው የገዛችላቸው ስልክ ነበረች። ስትጮህ አይችሉም፣ ያነሣሉ። በስሕተት የደወለውን እንኳ «ማንን ፈልገህ ነበር ልጄ?» ይሉና እስኪያፈላልጉለት፣ ሚስቱ መውለዷን እስኪሰሙ፣ ምርቃት እስኪያወርዱበት ድረስ አይለቁትም። አማቻቸው ይስቅ ነበር። «ቤቱን ማዞሪያ አደረጉት እኮ እማማ!» ይላል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እሱ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ ሳሎኑን ሞልቶት «ይሰማል? ይሰማል? አሁንስ ይሰማል?» ሲል የሚውል ሰው ነው፤ በስልኩ መልእክት በገባ ቁጥር የሚንጣጣ ነገር አለ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ይህ ሁሉ ጫጫታ አይባልም፤ ጫጫታ የተባለው የአሮጊቷ ስልክ ነው። ድምፁን ይቀንሱልን ቢላቸው ይቀንሱ ነበር። ወደ ጓዳ ገብተው ያውሩ ቢላቸው ይገቡ ነበር። አልነገራቸውም፤ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ብቻ አንድ ሰሞን ስልኩ ጭጭ አለ። መጀመሪያ አላስተዋሉም። ኋላ ጉልበታቸው ጠንቶባቸው አልጋ ላይ የዋሉ ጊዜ ነው የታወቃቸው፤ ከልጃቸውና ከአማቻቸው በስተቀር «እንዴት ነሽ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ለሁሉም ሲደውሉ የኖሩ፣ የማንንም ሕመም፣ የማንንም ሠርግ ያልዘለሉ ሰው! ሆዳቸው ቆረጠ። «ከእንግዲህ እኔም አልደውልም፤ እስቲ ማን እንደሚያስታውሰኝ አያለሁ» ብለው ማሉ። ኩሩ ናቸው፣ ማሉ ማሉ ነው። አንድ ማታ ለልጃቸው «ሰው ሁሉ ረሳኝ» አሏት። ልጅየዋ ስልኩን ቻርጅ ልታደርግ ከእጃቸው እየተቀበለች «ሰው ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ፣ ደግሞ አሁን ማን ይደውላል?» አለቻቸው። ይህን እያወቀች አለቻቸው! ስልኩ እንደሚበራ እንዳያዩ ያደረጋቸው ደግሞ የገዛ እጃቸው ነው፤ መስተዋቱ እንዳይጫር ብለው ከአሮጌ ቀሚሳቸው ቁራጭ ከረጢት ሰፍተውለት ነበር። በመብራት ጥሪ ሲለዩ የኖሩት ሴት መብራቱን በጨርቅ ሸፍነው ጆሯቸውን ብቻ አምነው ተቀመጡ።

ከበረንዳው ሲገቡ አማቻቸው ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ወጥ ቤት ቆሟል። «እማማ፣ ሻይ ላፍላልዎት?» አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ መልስ ባልጠፋ ነበር። አፋቸው ድረስ የመጣውን ነገር ዋጡት፤ ለራሳቸው ሆድ ይፍጀው አሉ። «ሽንኩርት ልገዛ ነው» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው፣ ከረጢቷን ከነስልኳ ከተው፣ የዕለት ጫማቸውን ትተው ያቺን የሩቅ መንገድ ጫማቸውን አጠለቁ። «ሽንኩርት እኮ የኪሎው ዋጋ ጣራ ነክቷል፣ ብዙ አይግዙ» አለ ከኋላቸው። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ በዚያ ቤት በር የሚያጋጨው ሌላ ሰው ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ቁም ሣጥን የምታክል የስልክ ዕቃ መሸጫ አለች። ሽፋን፣ ገመድ፣ ማዳመጫ ከጣራ እስከ ወለል ተንጠልጥሏል፤ ዋጋው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ከፍ ተደርጎ እንደገና ተጽፏል። ባለሱቋ ወጣት ሴት ናት፣ ጥፍሯ ረጅም ነው፣ መስተዋቱን ስትነካው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰባት ቁጥር ስልኩን ከከረጢቱ አውጥተው አቀበሏትና «ይሄ ስልክ ዝም ተሰኝቷል ይሉኛል፤ እስቲ እዪልኝ» አሏት። ልጅቷ አየችና «አዎ፣ አትረብሹኝ የሚለው ላይ ነው። ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚጮኸው። መልእክት ሲገባም እንዳያሳውቅዎት ተደርጓል። ራስዎ ነዎት ያደረጉት?» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የደወሉልዎት ሰዎች ግን ሁሉም እዚህ አሉ» ብላ በጥፍሯ ወደ ላይ ትገፋው ጀመር። ገፋች፣ ገፋች፣ አላልቅ አለ። ሳቋ መጣ። «እማማ፣ ይሄ ምንድነው፣ ሎተሪ ነው? አሥራ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር፣ ስምንት ቁጥር፣ ስምንት ቁጥር፣ ስምንት ቁጥር... እንዴ፣ ስምንት ቁጥርማ በአንድ ሌሊት የደወለችው!»

ሰባት ቁጥር አልሳቁም። የባንኮኒውን ጠርዝ ይዘው «መልእክትስ?» አሉ። መነጽራቸውን ይዘው አልወጡም ነበርና ልጅቷ አነበበችላቸው። ማንበብ ስትጀምር ድምፏ የሱቅ ድምፅ ነበር፤ ስትጨርስ ወርዶ ሹክሹክታ ሆነ። «ሰባት፣ ባለቤቴ አረፈብኝ። ስልክሽን አንሺልኝ።» ከሱ ሥር ሌላ፦ «ሰባት፣ ሰው ሁሉ መጣ። አንቺን እየጠበቅሁ ነው።» ከሱ ሥር ደግሞ፣ ሰንበትበት ብሎ የተላከ፣ አጭር፦ «አልመጣሽም።»

ባለሱቋ በርጩማዋን አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ስምንት ቁጥርንና ባላቸውን ያገናኟቸው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ሰውየው ወጣት ሳለ በየቀኑ እየደወለ የማያስፈልገውን ቁጥር የሚጠይቅ ዓይን አፋር ነበር፤ የስምንትን ድምፅ ለመስማት መሆኑ ሲገባቸው አንድ ቀን ገመዱን ነቅለው ጓደኛቸው መስመር ላይ ሰኩት፣ «ይነጋገሩ» አሉት። ያ ሰው ነው ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተቀብሮ፣ እሳቸው በረንዳ ላይ የሰው ሸሚዝ ሲያሰጡ የከረሙት። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል!

«አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለች ባለሱቋ፤ ትንገራቸው አትንገራቸው እንዳመነታች ያስታውቃል። «መልእክቶቹ ተከፍተዋል። አዲስ ቢሆኑ ጎልተው ነው የሚታዩት። አንድ ሰው አንብቧቸዋል።»

ማን እንዳነበባቸው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ስልኩን ማታ ማታ ቻርጅ የምታደርገው አንድ ሰው ናት። ያን ሰሞን ልጃቸው ያሳየችው ደግነት አሁን ትዝ አላቸው፤ ከሥራ ስትመለስ ለስላሳ ሹራብ ገዝታላቸው መጣች፣ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠበች፣ ሾርባውን ራሷ አቀረበች፣ «ደክሞሻል፣ ዕረፊ» አለቻቸው። እሳቸውም ልጅ መውለድ ለዚህ ነው ብለው መረቋት። በዚያ ሹራብ ነው ዛሬ ተጠቅልለው የወጡት። እዚያው ሱቁ በር ላይ አወለቁትና አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ይቺ ልጅ ሰው ናት? እናቷ እንዳትደነግጥ፣ ጉልበቷ እንዳይብስ ብላ ይሆናል፤ ይሁና! ሐዘን የሰው ልጅ ገንዘብ ነው፤ የሰውን ሐዘን ሳይነግሩ ወስዶ መደበቅን ምን ይሉታል?

«ላስተካክልልዎት?» አለች ባለሱቋ። «አንዴ ብነካው እኮ ለሁሉም ይጮሃል።»

«ተይው እንዳለ» አሉ ሰባት ቁጥር። «የማሳየው ሰው አለኝ።» ዋጋ ሲጠይቁ ልጅቷ እጇን አወናጨፈች፤ «ለሱማ አልቀበልም» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ የለቀቀላቸው አልነበረም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ብረቱን ይዘው ቆመው፣ ጉልበታቸው እየነደደ፣ በመስኮቱ ሰዉን ያያሉ። ሁሉም በእጁ አንድ አንድ መብራት ይዟል። በየፌርማታው አንድ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። ሰሞኑን ሁለት ቁጥር ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አግኝተዋቸው እንዳላዩ ሆነው ያለፉት ለካ ለዚህ ነው። እሳቸው ደግሞ ንቀት መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። ስንቱን ሰው ረሳኝ ብለው በሆዳቸው ሲሰድቡ ከረሙ፤ ስንቱ ሰው ሰባት ጨክናለች፣ ሰባት ተለውጣለች ሲል ከረመ። አንዲት አሮጊት እስከ መቃብር የምትይዘው ስሟን ነው፤ የሳቸውን ስም ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ጣት፣ ሻይ እየጠጡ አጠፉት። ስምንት ዛሬ በሩን ዘግተው ቢመልሷቸው ምን ይላሉ? የቀራቸው ሰው ያው ስምንት ናቸው።

ስምንት ቁጥር የሚኖሩት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። በሩን ሲያንኳኩ ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ እየተጎተተ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሁለቱ ተያዩ። ስምንት ቁጥር ከስተዋል፤ ጥቁር ልብሳቸው ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው መስሏል። አልሳሟቸውም። ከበሩ ላይ ዘወርም አላሉ።

«ምን እግር ጣለሽ?» አሉ።

«ስምንት፣ እግዜር ያጥናሽ...»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ስምንት ቁጥር፤ ነገር ግን በሩን ትተው ወደ ውስጥ ተመለሱ፣ እሱን እንደ ፈቃድ ቆጥረው ሰባት ቁጥር ተከትለው ገቡ። ክፍሉ ያው ነው። ጠባቡ ሶፋ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ፣ ሰውየው የሚቀመጥበት ባለ መደገፊያ ወንበር። ወንበሩ ላይ መነጽሩና የታጠፈ ጋዜጣ አለ፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ተብሎ የተቀመጠ እንጂ የተረሳ አይመስልም። ሰባት ቁጥር ወንበሩን ሲያዩ የያዙት እንባ አመለጣቸው፤ ሳይጠየቁ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ስምንት ቁጥር አዩዋቸው። አብሮ ማልቀስ ቀላል ነበር፤ አላለቀሱም። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ ነበር፤ አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱት፣ እዚያ ትንሽ ቆዩ፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለእንግዳቸው ምንም አላቀረቡም።

«ሌሊቱን ሙሉ ደወልኩልሽ» አሉ ቆመው። «ከልጆቼ በፊት አንቺ ጋ ነው የደወልኩት። ሲነጋ እነ ሁለት መጡ፣ ሰባትስ አሉኝ። ሰባት ቁጥር አታነሳም አልኳቸው። አላመኑኝም። ሰባት? የሰው መብራት አልፋ የማታውቀው? አሉ። እኔም አላመንኩም፣ ደግሜ ደወልኩ። ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ ደጁን ደጁን ሳይ ነበር። ከቀብር ስንመለስ እንኳ በሩ ላይ የማገኝሽ መስሎኝ ነበር።»

ሰባት ቁጥር ከቦርሳቸው ከረጢቷን አወጡ፤ ስልኩን ከከረጢቷ አውጥተው በሁለቱ መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ደውዪ» አሉ።

«ምን?»

«አሁን ደውዪልኝ። እዚሁ። ደውዪና እዪው።»

ስምንት ቁጥር አበደች እንዴ በሚል ዓይን አይተዋቸው የራሳቸውን ስልክ ከጥቁር ቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። ደወሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ በራ። ስምንት ቁጥር የሚል ጽሑፍ ወጣበት፤ ሌላ ምንም የለም። በጆሯቸው በያዙት ስልክ ውስጥ መጥሪያው ይሰማል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ትንፍሽ አይልም። መብራቱ ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ። ሁለቱም አሮጊቶች ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ነገር ነው፤ በርቶ፣ ሰው አጥቶ የሚጠፋ መብራት።

«ድምፁን አጥፍተሽው ነዋ» አሉ ስምንት ቁጥር፤ ድምፃቸው አልተፈታም። «ድምፅ ማጥፋት ማን ያቅተዋል?»

ሰባት ቁጥር ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኩ ጮኸ። ያን የድሮ ስልክ ደወል ነው ልጃቸው የመረጠችላቸው፤ ቤቱን አናወጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ ተንቀጠቀጠ። ስምንት ቁጥር ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። መስተዋቱ ላይ «ልጄ» ይላል። ስልኩ እስኪበቃው ጮኾ ዝም አለ፤ ዝም ባለው ስልክ ላይ ሁለቱም አፈጠጡ።

«ለእሷና ለባሏ ብቻ ነው የሚጮኸው» አሉ ሰባት ቁጥር። «እነሱ ናቸው ያደረጉት። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፣ እሱም ለሌላ ሰው ሲያስተምር። መልእክትሽን ልጄ አንብባዋለች። አንብባ፣ እግሬን አጥባ፣ አስተኝታኛለች።» ባዶዋን ከረጢት በእጃቸው ጨምድደው ያዙ። ለራሳቸው ማልቀስ አልነበረም፤ ንዴት ነው።

ስምንት ቁጥር ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎናቸው፣ በቀኛቸው በኩል፣ እንደ ድሮው። ክርናቸው ክርናቸውን ነካ። ወደ ባላቸው ወንበር እያዩ፣ ከማንም ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ፣ ጀመሩ።

«ማታ ደህና ነበር» አሉ። «እራቱን በላ። መስኮቱን ዝጊው በረደኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ይበርድሃል በዚህ ሙቀት ብዬ...» ቆሙ። ይህን ለማንም አልተናገሩት ይሆናል፤ ለቅሶ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚነገረው ሌላ ነው። «ምን ይበርድሃል ብዬ ተቆጣሁት፣ ሰባት።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ባሏ ደውሎ ሽንኩርት ሊገዙ የወጡት እናትሽ አልተመለሱም ብሏት ይሆናል። ጮኸ፣ ጮኸ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ስምንት ቁጥር ንግግራቸውን አቋርጠው «አንሺው በቃ፣ ልጅ አይደለች፣ ትጨነቃለች» አሉ።

ሰባት ቁጥር እስከ ዛሬ የሚጮህ ስልክ አሳልፈው አያውቁም። እጃቸው በልማድ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ የጓደኛቸውን እጅ ያዘ።

«ይጩህ» አሉ። «አንቺ ተናገሪ።»